ሠላሳ አንድ ጊዜ ወደ መልካ ቡርቃ

«ምንጩ ደርቋል አሉ።»

ጋሽ ኡመር ይህን የተናገሩት ዛጎል የተባለችውን ባለ ጎማ ቤት ደረጃ እየወጡ፣ በአንድ እጃቸው ሽርጣቸውን በሌላው ፔርሙዛቸውን እንደያዙ ነው። ትናንትም ብለውታል። ከትናንት ወዲያም። ማን እንዳለ ሲጠየቁ «ሰው» ከማለት አያልፉም።

«አሁን የሚፈሰው ከቧንቧ ነው አሉ። ቦቴ እያመላለሰ ይሞላዋል አሉ።»

«እንግዲያው እርስዎ ምን ሊሠሩ ይሄዳሉ?» አለች ደብሪቱ፣ ትራሶቹን ከመሳቢያ እያወጣች።

«መድረቁን ለማየት ነዋ።»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ ድሬዳዋ የምትተኛበት ሰዓት። በከዚራ ጎዳናዎች ላይ ፀሐይን ጠጥተው ኃይል የሚሰጡት ሸራዎች ቀስ ብለው ተዘርግተዋል። ሹፌር የሌላቸው ባጃጆች እንደ ፍየል ጥላ ሥር ተጠጋግተው ቆመዋል። ሙቀቱ እንኳን ሰውን ማሽኑንም ያስተኛል። ደብሪቱ ግን ይህን ሰዓት የምትወደው ለማረፍ አይደለም፤ ሥራዋ ተኝቶ የሚሠራ ስለሆነ ነው።

የምትሠራው ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ በሚገኝ የቤተ-ጎማ ጋራዥ ውስጥ ነው። ቤተ-ጎማ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው፣ ራሱን የሚነዳ ቤት ነው፤ ቤተሰብ ይከራየውና ሐይቅ ዳር ወይም ምንጭ አጠገብ ሰንብቶ ይመለሳል። ጉዞውን የምታቅደው እሷ ናት። እቅዱ ግን ወረቀት ላይ አይሠራም። ተጓዦቹ በሚሄዱበት ቤተ-ጎማ ውስጥ ጋደም ይላሉ፤ ከትራሶቹ የሚወጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ክሮች ከጆሮ ጀርባ ይለጠፋሉ፤ ቤቷ ስለ መንገዱ የምታውቀውን ሁሉ፣ ዳገቱን፣ ጠጠሩን፣ ነፋሱን፣ ለሁሉም አንድ ሕልም አድርጋ ታሳያቸዋለች። ይህ ቅድመ-ሕልም ይባላል። በሕልሙ መኢሶ ላይ ውሃ የጠማው ሲነቃ ጀሪካን ይጨመርለታል። ቁልቁለቱ ላይ ያቅለሸለሸው ሎሚ ይያዝለታል። ከተኙት አንዱ ከነቃ ሕልሙ ለሁሉም ይቋረጣል፤ የቀሩት ወይ ይነቃሉ ወይ ተራ እንቅልፋቸውን ይቀጥላሉ።

ይህን ሁሉ ደብሪቱን ያስተማራት የለም። ከወላለቁ ትራሶችና ማንም ከማያነባቸው መመሪያዎች ለቅማ ያመጣችው ነው። ዲፕሎማቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉት የጋራዡ መሐንዲሶች ሲቸግራቸው እሷን ይጠራሉ፤ እሷም ትሄዳለች፣ ግን መጀመሪያ ዲፕሎማውን ቀና ብላ ታየዋለች። ዛጎልን እንደ ሰው እንድትናገር ያደረገቻት እሷ ናት። ጨዋነትም ያስተማረቻት እሷ ናት። ዛጎል ድሮ ያየችውን ሁሉ ትዘረግፍ ነበር፤ አንድ ቀን አማች በተቀመጠበት «ሕልሙ የተቋረጠው በእማማ ማንኮራፋት ነው» በማለቷ የአንድ ቤተሰብ ጉዞ ከነፍራሹ ቀረ። ያን ጊዜ ደብሪቱ «የይሉኝታ ወንፊት» ያለችውን ነገር ውስጧ ሰፋችላት። ከዚያ ወዲህ ዛጎል የታላቅ ሰው ጥፋት ሲያጋጥማት ጉዞው ተጠናቆ እስኪዘጋ ድረስ፣ በእውነት ሳታውቅ ስትቀር የምትለውን ያንኑ ትላለች፦ «ምክንያቱ አልታወቀም።» ይህ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ደንበኛ ሁሉ ደስ ስላለው ደብሪቱም ረሳችው።

አሁን ደንበኛዋ አባቷ ናቸው።

ጋሽ ዳምጠው በመልካ ቡርቃ ፓርክ ሃያ ሁለት ዓመት ጥበቃ ሠርተዋል። ጡረታ ወጥተው ከልጃቸው ጋር መኖር ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ዘንድሮ የእግራቸው ነርቭ መድከም ጀመረ፤ ሐኪሙ ክረምቱ ሳያልቅ እግራቸው መሸከም እንደሚያቆም ነገራቸው፤ በዚያ ዕድሜ የሚጠገን ነገር እንዳልሆነም አልደበቃቸውም። እሳቸው አልተከራከሩም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ወደ ምንጩ ተራምደው መሄድ። ከፓርኩ በር ወዲያ ተሽከርካሪ አይገባም፤ ከበሩ እስከ ውሃው አራት መቶ እርምጃ ነው፤ በቀን ሁለቴ ለሃያ ሁለት ዓመት ቆጥረውታል።

«በወንበር ከሆነ ይቅርብኝ» አሉ። «ያን መንገድ በእግሬ ነው የማውቀው።»

የመጀመሪያው ቀን፣ ክሮቹን ስትለጥፍላቸው፣ «ሕልሙ ያለቀላቸው ሰዎች ግን ይሄዳሉ?» ብለው ጠይቀዋት ነበር።

«ከአሥሩ አንዱ ቢሄድ ነው። ሌላው ‹አይተነዋል እኮ› ብሎ አመስግኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል።»

«አያሳዝንሽም?»

«እኔ እቅድ እንጂ እግር አላከራይም፣ አባዬ።»

«እኔና አባትሽ በምርቃና ስንት ፎቅ ሠርተናል መሰለሽ» አሉ ጋሽ ኡመር ከወዲያኛው አልጋ። ጎረቤትም የበርጫ ጓደኛም ናቸው። «አንዱም ደረጃ አልነበረውም። እኛ በጫት የጀመርነውን እናንተ በትራስ ጨረሳችሁት፣ አቦ።»

ጋሽ ዳምጠው ኮርኒሱን አዩ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ሃያ ሁለት ዓመት የተኛሁት በአንድ ዓይኔ ነው» አሉ። «ልንቃ ባልኩባት ደቂቃ እነቃለሁ።»

«አሁን በሁለቱም ተኛልኝ» አለቻቸው።

ይህ ከሰባት ሳምንት በፊት ነው። ዛሬ ሠላሳኛው ቅድመ-ሕልም ነው።

ሦስቱም ጋደም አሉ። ክሮቹ ጆሮ ጀርባቸው ሞቁ። ዛጎል የመስኮቶቿን ብርሃን ቀነሰች፤ ጋራዡ ራቀ፤ የማቀዝቀዣው ድምፅ ቀስ በቀስ ወደ ጎማ ድምፅ ተለወጠ።

መንገዱ እንደ ውሃ ይፈሳል። ግራርና ግራር መሐል ግመሎች ቆመዋል፤ ጥላቸው ከእነሱ ይረዝማል። ጋሽ ኡመር በሕልማቸውም ፔርሙዛቸውን አልለቀቁም። የፓርኩ በር ተከፈተ፤ ከዚያ የእግር መንገዱ፣ ነጭ አሸዋ፣ ግራና ቀኝ ዘንባባ። ጋሽ ዳምጠው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። በሕልም ውስጥ እግራቸው የጎልማሳ እግር ነው፤ ሲረግጡ አሸዋው ጢስ የመሰለ አቧራ ያነሳል። ያፏጫሉ። ደብሪቱ ከኋላቸው እየተከተለች እንዲህ ሲራመዱ ማየት ጠግባ አታውቅም። ሦስት መቶኛው እርምጃ ላይ ትልቁ ዋርካ አለ፤ ከዋርካው ወዲያ መንገዱ ይታጠፋል፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ምንጩ ነው። አባቷ ዋርካው ሥር ሲደርሱ ቆም አሉ። ዞር ብለው አዩዋት፤ እንደ ሁልጊዜው።

ከዚያ ሁሉ ነገር እንደ ወተት ነጣ።

ደብሪቱ ዓይኗን ገለጠች። ጋሽ ኡመር ዓይናቸውን ያሻሻሉ። አባቷ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትንፋሻቸው ሳይሰማ ተኝተዋል።

«ምክንያቱ አልታወቀም» አለች ዛጎል።

«ሠላሳ ጊዜ አልታወቀም» አለች ደብሪቱ። ክሮቹን ሁሉ ቀይራለች። ትራሶቹን ፈትታ መልሳ ሰፍታለች። ወደ ፓርኩ መልእክት ልካ፣ ከሰው ይሁን ከማሽን የማይለይ መልስ መጥቶላታል፦ ምንጩ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል።

«ቧንቧው ነው የመለሰልሽ» አሉ ጋሽ ኡመር። «ነገርኩሽ እኮ። ቤቷ የማታሳየን ስለሌለ ነው። የደረቀ ነገር ምኑ ይታለማል?»

ሰውየው ባያናድዷት ኖሮ ደብሪቱም ይህንኑ እያሰበች መሆኑን ታምንላቸው ነበር። ከእጇ የወጣ ጉዞ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ አያውቅም፤ ጎማ ፈንድቶ፣ ውሃ አልቆ፣ አልጋ ጎድሎ አያውቅም። አሁን አባቷን ወስዳ የተሰነጠቀ ጭቃ ፊት ልታቆማቸው ነው? ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቁትን ነገር ሬሳ ልታሳያቸው?

«ያልጨረስኩትን አላስወጣም» አለች።

ጋሽ ዳምጠው ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ስንት እርምጃ ቀረኝ?» አሉ።

 ዛጎል ሕልም ብቻ ሳይሆን የተኛውን ሰው አካልም ታነባለች። በመጀመሪያው ሳምንት እግራቸው የሚችለው የእርምጃ ቁጥር አራት መቶ ሠላሳ ነበር፤ ለመንገዱ የሚበቃና የሚተርፍ። ያን ጊዜ የዛጎልን ሦስት ደረጃዎች ብቻቸውን ይወጣሉ። በሦስተኛው ሳምንት ብረቱን ይዘው። አሁን ጋሽ ኡመር ከኋላ እየገፉ፣ «ዘንድሮስ ከበድክ፣ ምን ብትበላ ነው?» እያሉ ነው።

«ሁለት መቶ አሥር» አለች ዛጎል፣ የተጠየቀችው እሷ መስሏት።

 ጋሽ ኡመር ፔርሙዛቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ለሠላሳ አንደኛ ጊዜ ጋደም አሉ። ደብሪቱ ሌሊቱን ያልተኛች ሰው ፊት ነበራት፤ ወደ ሕልሙ የገባችው እንደ ድንጋይ እየሰመጠች ነው።

ግራሩ፣ ግመሎቹ፣ በሩ፣ ነጩ አሸዋ። አባቷ ከፊት ያፏጫሉ። ዋርካው። አልቆሙም። ዞረውም አላዩዋትም፤ ደክሟቸው መንገዱ ራሱ እየመራቸው ይመስል ዋርካውን አልፈው ከመታጠፊያው ወዲያ ተሰወሩ። ደብሪቱ በባዶው መንገድ ላይ ብቻዋን ቀረች። ያን ጊዜ ሰማችው፤ ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲንሾካሾክ የመሰለ ድምፅ። ከዘንባባው ቅጠሎች ሥር ብርሃን ይርገበገባል፤ ከታች ከሆነ ነገር ላይ ተመትቶ የሚመጣ ብርሃን። አንድ እርምጃ ቀርቷታል። እግሯን አነሳች። 

ነጣ።

ዓይኗን ስትገልጥ አባቷ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። ጋሽ ኡመርም ያንኮራፋሉ፤ ሁለቱ ተራ የገቡ ይመስላሉ። ክሮቹን ከጆሮዋ ጀርባ መንጭቃ ጣለቻቸው።

«ሕልሙ የተቋረጠበት ምክንያት» ስትል ጀመረች ዛጎል።

«ዝም በይ» አለች ደብሪቱ። «እንደማይታወቅ አውቃለሁ። ሞተርሽን አስነሺ።»

«የጉዞው እቅድ አልተጠናቀቀም።»

«አስነሺ አልኩሽ።»

ዛጎል ሁለቱን ሽማግሌዎች እንደተኙ ይዛ ከጋራዡ ወጣች። ከተማው ገና አልነቃም። ሸራዎቹ ላይ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች፤ ባጃጆቹ ከጥላቸው አልተነቃነቁም፤ የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ባዶውን ተጋድሟል። መኢሶን ካለፉ በኋላ ጋሽ ኡመር ነቁ፤ መስኮቱን አዩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው መልሰው ገለጡ።

«ይሄኛው ሕልም ጥሩ ነው» አሉ። «የመንገዱ ጉብታ ሁሉ ይሰማል።»

«ሕልም አይደለም፣ ጋሽ ኡመር። መንገድ ላይ ነን።»

«ጨውስ ይዘሻል?»

አልያዘችም። የሠላሳ ሕልም ዝርዝር፣ ሎሚው፣ ጀሪካኑ፣ ተጨማሪው ነጠላ ጫማ፣ ሁሉም ተጣጥፎ የጋራዡ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። ጋሽ ዳምጠው በዚህ ጊዜ ነቅተው ነበር። ምንም አልጠየቁም። ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው፣ ግራሮቹን አንድ በአንድ እንደሚያውቋቸው ሰዎች እያዩ ሄዱ።

በሩ ላይ ሲደርሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። የደንብ ልብሷ የነጣ ጠባቂ፣ ስሟ ሃዊ የምትባል ወጣት፣ ከወንበሯ ተነስታ በጥርጣሬ ተመለከተቻቸው።

«መንገድ ጠፍቷችሁ ነው?»

«ወደ ምንጩ ነን» አለች ደብሪቱ።

«ወደ ምንጩ?» ጠባቂዋ ዛጎልን ዞራ አየቻት። «በሰኔ አንድ ቤተ-ጎማ መጥቶ ነበር። እሱም ጎማ ፈንድቶበት ነው።»

«ምንጩ ደርቋል አሉ» አሉ ጋሽ ኡመር።

«ማን አለ?»

«ሰው።»

«የትኛው ሰው?» አለች ሃዊ። «እዚህ ሰው አይመጣም።»

ጋሽ ዳምጠው ሽርጣቸውን አጥብቀው ከደረጃው ወረዱ። ማንም እንዳይዛቸው በእጃቸው ከለከሉ። ከዚያ መቁጠር ጀመሩ፤ ጮክ ብለው፣ ተረኛ ጠባቂ ለአለቃው እንደሚያሳውቅ። አሸዋው ከሕልሙ ይልቅ ጥልቅ ነበር፤ እግር ይውጣል። ዘንባባዎቹ ደርቀው የተንጠለጠሉ ቅጠሎች አሏቸው፤ ሕልሙ ይህን አላሳየም። ሃምሳ። ሰባ። መቶ ላይ እስትንፋሳቸው አጠረ። መቶ ሠላሳ ላይ ቁጥሩን መጥራት ትተው ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ። መቶ አርባ ሦስት ላይ ጉልበታቸው ታጠፈ፤ እንደወደቀ ሰው ሳይሆን ለመቀመጥ እንዳሰበ ሰው አሸዋው ላይ ተቀመጡ።

ጋሽ ኡመር ጎንበስ አሉ። የጓደኛቸውን ጫማ አውልቀው ብብታቸው ሥር ያዙ።

ደብሪቱ አባቷ ፊት ተንበረከከች፤ ጀርባዋን ሰጥታ።

«ውጣ፣ አባዬ።»

«በእግሬ ነው ያልኩት።»

«ይኸው እግር» አለች። «ካንተ የወረስኩት ነው።»

 ከዚያ እጆቻቸው ትከሻዋን ያዙ። ካሰበችው በላይ ቀላል ነበሩ፤ ይህ ከክብደት ይልቅ ከበዳት። መቁጠሩን ከጀርባዋ ሆነው ቀጠሉ። «የአንቺ እርምጃ አጭር ነው» አሉ በመሐል። «ከአራት መቶ ታሳልፊኛለሽ።» ዋርካው ሥር ሲደርሱ መቁጠራቸውን አቆሙ። ደብሪቱ ግን አልቆመችም። ብትቆም መልሳ እንደማትነሳ ታውቃለች፤ መታጠፊያውን ዞረች።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የተቀቀለ እንቁላል ሽታ።

ከዚያ ውሃው። ትልቅ አልነበረም፤ አንድ ጋራዥ ቢያክል ነው። ከሥሩ ያለው አሸዋ በሃያ ቦታ እንደሚፈላ ወጥ ይንተከተካል፤ ላዩ ግን ጸጥ ያለ፣ እስከ ወለሉ የሚታይ፣ የመሸውን ሰማይ ሰማያዊነት ሁሉ ለብቻው የወሰደ ነው። ጥርትነቱ አየሩ እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ወፍሮ የቆመ ያስመስለዋል። ዳርቻው አረንጓዴና ሙልጭልጭ ነው። ትንኝ አለ። በሠላሳ አንድ ሕልም ውስጥ ማንም አልተነከሰም፤ ማንም አልረጠበም።

አባቷን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ከተተች። ለብ ያለ ነው። የጣት ጥፍር የሚያካክሉ ዓሣዎች ከየት መጡ ሳይባል መጥተው ተረከዛቸውን መልቀም ጀመሩ። ጋሽ ዳምጠው ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ደብሪቱ ሰምታ አታውቅም፤ እንደሚኮረኮር ሕፃን ነው የሳቁት።

«አልረሱኝም» አሉ።

ጋሽ ኡመር ሽርጣቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ገቡ፤ በመዳፋቸው ጠልቀው ቀመሱ፤ ተፉት።

«ይሄም ራሱ ከቧንቧ ነው አሉ» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ በፊቱ አልነበረም።

ሦስት ቀን ሰነበቱ። ጨው የሌለው ምግብ በሉ፤ ሃዊ በሁለተኛው ቀን ጨውና ወሬ ይዛላቸው መጣች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ዳምጠው ደረታቸው ድረስ ውሃው ውስጥ ገብተው፣ ልጃቸው እጃቸውን ሳትይዝ፣ አሥራ አንድ እርምጃ ሄዱ። ውሃው ግማሽ ክብደታቸውን ተሸከመላቸው።

ሲመለሱ፣ መኢሶ አካባቢ፣ ደብሪቱ ሦስት ቀን የዋጠችውን አወጣችው።

«በመጀመሪያው ሳምንት ብንወጣ ኖሮ አራት መቶውንም ትሄደው ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረሁህ። ትራስ ስሰፋ።»

ጋሽ ዳምጠው አፋቸውን ከፈቱ። አንድ ነገር ሊሉ ነበር፤ ታየባቸው። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ግራሮቹ ተመለሱ። «ደርሰናል እኮ» ብቻ አሉ።

ጋራዡ የደረሰችው አባቷንና ጋሽ ኡመርን ሰፈር አድርሳ ነበር። ብቻዋን ወለሉን ጠረገች፤ አሸዋው ከየስንጥቁ ወጣ። ፍራሾቹ እንቁላል እንቁላል ይሸታሉ። የቀረው ጉዞውን መዝጋት ነበር።

«ዝጊው» አለቻት ዛጎልን።

«ተዘግቷል። የይሉኝታ ወንፊቱ ያቆያቸው ሠላሳ መልእክቶች አሉ። አንድ ደግሞ በትእዛዝሽ ያቋረጥኩት አለ። ላንብባቸው?»

ደብሪቱ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች። ወንፊቱን የሰፋችው ራሷ ናት፤ የሰፋችው ግን ለሰው አባቶች እንጂ ለራሷ አባት አልነበረም።

«አንብቢ።»

«ከአንደኛው እስከ ሠላሳኛው ሕልሙን ያቋረጡት ጋሽ ዳምጠው ናቸው። በፈቃዳቸው ነቅተዋል።»

የጋራዡ ቆርቆሮ በሙቀቱ ሲንቋቋ ይሰማል። አንድ የተቆጣ ሰው ሳቅ አመለጣት። ዋርካው ሥር ቆመው፣ ዞረው፣ ሠላሳ ጊዜ ያዩዋት የአባቷ ፊት መጣባት። «አይተነዋል እኮ» ብለው አመስግነው የሚመለሱት ደንበኞቿ መጡባት። የአባቷ እግርም መጣባት፤ ሕልሙ እንዳያልቅ በየሳምንቱ የከፈሉት።

«ሠላሳ አንደኛውስ?» አለች፣ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ እያስደገፈች። «ያንንም ያቋረጠው አባዬ ነው አይደል?»

«አይደለም» አለች ዛጎል። «ያን ቀን ጋሽ ዳምጠው ተኝተው ነበር። ሠላሳ አንደኛውን ያቋረጥሽው አንቺ ነሽ። በፈቃድሽ ነቅተሻል።»